እርዳታው የት በር ላይ ይቆማል? ቤተሰብን ሳይበትኑ የማገዝ ታሪክ



አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ በኪራይ ቤት ትኖራለች እንበል። የሁለት ወር ኪራይ ተከማችቶባታል። ትንሹ ልጅ ታሟል። ትልቋ ከትምህርት ቤት ቀርታ የሰው ልብስ ታጥባለች። ይህን ያየ ጎረቤት፣ «ልጆቹን ማሳደጊያ ብታስገቢያቸውስ? እዚያ ይበላሉ፣ ይማራሉ» ይላታል። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ማሳደጊያው ውስጥ ምግብ አለ፣ መኝታ አለ፣ ደብተር አለ። እሷ ቤት የጠፋው ይኸው ነው።

ያ ምግብ፣ ያ መኝታና ያ ደብተር እናትየዋ ቤት ድረስ ቢመጣስ? ማሳደጊያው ለሦስቱ ልጆች የሚያወጣው ገንዘብ ኪራዩን ቢከፍልስ? ልጆቹ ከእናታቸው ጉያ የሚወጡበት ምክንያት ይቀር ነበር?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ብዙ ሀገሮች ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ደክመውበታል። አንዳንዴ መልሱን አግኝተው መልሰው ጥለውታል። በዛሬው ጽሁፋችን ይህን ታሪክ ከመዲና ተነስተን፣ በአሜሪካ በኩል አልፈን፣ እስከ አዲስ አበባ እንከተለዋለን። በየደረጃው የምናገኘው እውነት አንድ ነው፦ እርዳታ የተቀመጠበት ቦታ የቤተሰቡን እጣ ይወስናል። ከቤት ውጭ ከተቀመጠ ልጁ እርዳታውን ተከትሎ ይወጣል። ቤት ድረስ ከመጣ ግን ልጁ ከቤቱ አይወጣም።

(የዘመን አቆጣጠሩ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

◆ ኡመር ያለቀሱባት ሌሊት

ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ ነው፤ በዚህ ጥያቄ ዓይን ግን እንደገና እንየው። ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት በኸሊፋው ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ነጋዴዎች መጥተው መዲና ዳርቻ ላይ ሰፈሩ። ኡመርና ዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሌሊቱን ሊጠብቋቸው ወጡ። ኡመር የህጻን ለቅሶ ሰሙ። ሄደው እናትየዋን ልጇን እንድታባብል መከሯት። ለቅሶው ግን አልቆመም። ደግመው ሄዱ። ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ላይ ተቆጥተው ጠየቋት። ማንነታቸውን ያላወቀችው እናት ልጇን ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረቻቸው። ምክንያቱን ሲጠይቋት መልሷ አጭር ነበር፤ ኡመር ከበይተል ማል ድጎማ የሚቆርጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነው።

ኡመር የዚያን ቀን ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርአታቸው ለሰው አልሰማ አለ። ከሰላቱ በኋላ ማንም እናት ልጇን ያለጊዜው ጡት እንዳታስጥል፣ ድጎማውም ከእንግዲህ ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ አስነገሩ። ትዕዛዙንም ወደየግዛቱ ጻፉ።

ልብ በሉ። ድጎማው የተቆረጠው ለልጆች ጥቅም ነበር። መስፈርቱ ግን እናቶችን ልጆቻቸውን ወደሚጎዳ ነገር ገፋቸው። ኡመር (ረ.ዐ) መጀመሪያ የወቀሱት እናትየዋን ነበር። ምክንያቷን ሲሰሙ ግን ጥፋቱ ደንቡ ውስጥ እንዳለ ገባቸው፤ ያረሙትም ደንቡን ነው። ዛሬ የማህበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ወይም በተለምዶ «ሶሻል ወርከር» የምንለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ እናትን ከመውቀስህ በፊት ምን እንዳስገደዳት ጠይቅ።

◆ የልጆች ባቡር

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንሻገር። በ1850ዎቹ ከተማዋ ከአየርላንድና ከጀርመን በመጡ ስደተኞች ተጨናንቃለች። ብዙ ሺህ ልጆች ጎዳና ላይ ጋዜጣ እየሸጡ፣ ጫማ እየጠረጉ፣ እየለመኑ ይኖራሉ። በ1853 ቻርለስ ሎሪንግ ብሬስ የተባለ ወጣት የፕሮቴስታንት ሰባኪ የህጻናት ረድኤት ማህበር አቋቋመ። ሀሳቡም ልጆቹን ከከተማው አውጥቶ በገጠር ገበሬ ቤተሰቦች ዘንድ ማስቀመጥ ነበር።

በ1854 የመጀመሪያዎቹ ልጆች በባቡር ወደ ሚቺጋን ግዛት ተጓዙ። ከዚያ በኋላ ይህ ጉዞ እስከ 1929 አልተቋረጠም። በእነዚህ 75 ዓመታት 200,000 ያህል ልጆች እንደተጓዙ ይገመታል። ባቡሩ የደረሰበት ከተማ ነዋሪ ይሰበሰባል፤ ልጆቹ ይደረደራሉ፤ ፈላጊው መርጦ ይወስዳል። እድል የገጠማቸው ደግ ቤተሰብ አገኙ። ሌሎቹ የእርሻ ጉልበት ሆኑ። ወንድምና እህት በተለያየ ጣቢያ ወርደው የተጠፋፉም ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ «የሙት ልጆች ባቡር» ተብሎ በታሪክ ቢታወቅም ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በህይወት ነበር። እናት ነበረቻቸው፤ እናታቸው የምታበላቸው ግን አልነበራትም። የአየርላንድ ካቶሊኮችም ልጆቻችን በፕሮቴስታንት ቤት ሃይማኖታቸውን እያጡ ነው ብለው አጥብቀው ተቃውመው ነበር።

ብሬስ ክፉ ሰው አልነበረም። ከብርድና ከረሃብ ያዳናቸው ልጆች አሉ። ባቡሩን ለማንቀሳቀስ፣ አጃቢ ለመቅጠር፣ ቢሮ ለመክፈት ገንዘብ ተገኝቷል። ለእናትየዋ ኪራይ ግን በጀት አልነበረም።

◆ 1909፦ «ድህነት ብቻውን ምክንያት አይሆንም»

ጄምስ ዌስት የሚባል ሰው ነበር። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ዋሽንግተን ውስጥ በህጻናት ማሳደጊያ አደገ። እንደምንም ተምሮ ጠበቃ ሆነ። የማሳደጊያን ኑሮ ከውስጥ የሚያውቀው ይህ ሰው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ስለነዚህ ልጆች ጉባኤ እንዲጠሩ ወተወተ።

ጉባኤው በጃንዋሪ 1909 በዋይት ሀውስ ተካሄደ። 200 ያህል ሰዎች ተገኙ። ከነሱም መካከል በቺካጎ ድሃ ሰፈር ከድሆች ጋር እየኖረች ታገለግል የነበረችው ጄን አዳምስ፣ እንዲሁም ከባርነት ተወልዶ ታላቅ የትምህርት ሰው የሆነው ቡከር ዋሽንግተን ይገኙበታል። የጉባኤው ውሳኔ ሀሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ልጅ በቤቱ የማደግ መብቱን እጅግ አስገዳጅ ከሆነ ምክንያት በቀር ሊነጠቅ አይገባም፤ ድህነት ብቻውን እንዲህ ያለ ምክንያት አይሆንም፤ ልጆቿን በአግባቡ ማሳደግ የምትችል ግን አቅም ያጣች እናት በቤቷ ትደገፍ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ የኢሊኖይ ግዛት ለእንዲህ ያሉ እናቶች ወርሃዊ ድጎማ የሚሰጥ ህግ አወጣ። እስከ 1920 ድረስ 40 ያህል ግዛቶች ተከተሉት። በ1935 ደግሞ የፌዴራሉ መንግስት ድጎማውን የሀገሪቱ የማህበራዊ ዋስትና ህግ አካል አደረገው። እርዳታው ወደ ቤት መሄድ ጀመረ ማለት ነው።

ነገር ግን በየትኛው ቤት? ህጎቹ «ተገቢ ቤት» የሚል መስፈርት ነበራቸው። ገምጋሚው ሹም እናትየዋን አይቶ ተገቢ ናት ወይም አይደለችም ይላል። በተግባር ድጎማውን ያገኙት በአብዛኛው ነጭ መበለቶች ነበሩ። ጥቁር እናቶች፣ ያላገቡ እናቶችና ባል ጥሏቸው የሄደ ሴቶች በሰፊው ተገለሉ።

◆ ገንዘቡ በሌላ በር ሲወጣ

ይህ መስፈርት በ1960 በሉዊዚያና ግዛት መርዙን አሳየ። ግዛቱ «ቤታቸው ተገቢ አይደለም» በሚል ሰበብ 23,000 ያህል ልጆችን በአንድ ጊዜ ከድጎማ መዝገብ ሰረዘ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ጉዳዩ ከሀገር አልፎ በውጭም ጩኸት አስነሳ።

በጃንዋሪ 1961 የጤና፣ የትምህርትና የደህንነት ሚኒስትሩ አርተር ፍሌሚንግ አንድ መመሪያ አወጡ። ግዛቶች ቤቱ ተገቢ አይደለም ብለው ልጁን ዝም ብለው መጣል አይችሉም፤ ወይ ቤቱ እንዲሻሻል ያግዙ፣ ወይ ልጁን ወደ ሌላ ቤት ይውሰዱ የሚል ነበር። ሀሳቡ ፍትሃዊ ይመስላል። ነገር ግን ያንኑ ዓመት በወጣው ህግ የፌዴራሉ መንግስት ከቤቱ ለወጣ ልጅ በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ለሚያስፈልገው ወጪ መክፈል ጀመረ። ቤቱን ለማሻሻል የሚመጣው ገንዘብ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እንግዲህ የአንድ ግዛት ሹም ሁለት በር ቀርቦለታል። በአንደኛው በር ከገባ ቤተሰቡን ከራሱ ኪስ ያግዛል። በሁለተኛው ከገባ ልጁን ያወጣና ዋሽንግተን ትከፍልለታለች። የትኛውን ይመርጣል? በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከቤተሰባቸው ውጭ በአደራ የሚያድጉ ልጆች ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ደርሰው ነበር።

የሀገሬው ተወላጅ ህዝቦች (ቀይ ህንዶች በሚል ስም የምናውቃቸው) ደግሞ ከሁሉ የባሰ ደረሰባቸው። በ1969 እና በ1974 በተደረጉ ጥናቶች ከልጆቻቸው ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ከቤተሰባቸው ተወስደው በአደራ ቤት፣ በጉዲፈቻ ወይም በተቋም ይኖሩ ነበር። አያት ወይም አክስት ማሳደጓ በነሱ ባህል የተለመደ ነው፤ የውጭው ባለሙያ ግን ያንን «እናት ልጇን ጥላለች» ብሎ ጻፈው። በ1978 ኮንግረሱ ለነዚህ ልጆች ዘመዶቻቸውና ጎሳቸው ቅድሚያ እንዲኖራቸው የሚያዝ ህግ ያወጣው ለዚህ ነው።

◆ ቤት ድረስ የሄዱት የታኮማ ባለሙያዎች

በ1974 በዋሽንግተን ግዛት በታኮማ ከተማ አንድ የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሰሩ ባለሙያዎች፣ ከነሱም ጂል ኪኒና ዴቪድ ሀፓላ የተባሉ የስነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ለአስቸጋሪ ልጆች የሚሆኑ ልዩ የአደራ ቤቶች ለመክፈት እያሰቡ ነበር። በዚህ መሀል ጥያቄው ተገለበጠ፦ ልጁን አውጥተን ብዙ ባለሙያ ከምንከብበው ለምን ባለሙያው እልጁ ቤት አይገባም?

«ሆምቢልደርስ» ወይም ቤት ገንቢዎች የተባለው አሰራር እንዲህ ተጀመረ። ደንቦቹ ቀላልና ጥብቅ ነበሩ። ልጁ ሊወሰድ ነው የተባለበት ቤተሰብ ሲነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይደርሳሉ። አንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሁለት ቤተሰብ ገደማ ብቻ ነው። ስራው የሚሰራው በቤተሰቡ ቤት ነው። ሌሊትም ሆነ በዓል ሲደወል ባለሙያው ይገኛል። ይህ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል።

ከሁሉ የሚገርመው የእርዳታው ዓይነት ነው። ባለሙያው ምክር ብቻ ይዞ አይመጣም። እቃ አብሮ ያጥባል፣ ቤት ያጸዳል፣ ወደ ሀኪም ያደርሳል፣ የተበላሸውን ያስጠግናል፣ የጎደለውን አስቤዛ ይገዛል። እናት ለቢሮ ወንበር የማትነግረውን እቃ እያጠበች ትናገራለች። ሆዱ የተራበ ሰውም ስለ ልጅ አስተዳደግ ትምህርት ሊሰማ አይችልም።

ይህ አሰራር በመላ ሀገሪቱ ተባዛ። በ1980 የወጣው የፌዴራል ህግም ልጅ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡን ለማቆየት በቂ ጥረት መደረጉ እንዲረጋገጥ ደነገገ።

◆ የነባሩ ባለሙያ ሚዛን

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። ግን አላበቃም። በ1993 በቺካጎ አንድ ከእናቱ ተወስዶ የነበረ የሦስት ዓመት ህጻን ተመልሶ ከተሰጣት በኋላ በእናቱ እጅ ተገደለ። ሀገሩ በቁጣ ነደደ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢሊኖይ ስለተሰራው ተመሳሳይ ፕሮግራም ሰፊ ጥናት አወጡ። ድጋፉን ያገኙትና ያላገኙት ቤተሰቦች ልጆቻቸው የተወሰዱበት መጠን የጎላ ልዩነት አልነበረውም። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ወደ ፕሮግራሙ ከተላኩት ቤተሰቦች አብዛኞቹ መጀመሪያውኑ ልጅ ሊወሰድባቸው የተቃረበ አልነበሩም። ለዓመታት የተከማቸን ችግርም አራት ሳምንት አይፈታውም።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ቤተሰብን ማቆየት መፈክር ሆኖ በጭፍን የሚሰራ ከሆነ ልጅ ያስገድላል። ልጅን ማውጣትም በጭፍን ከተሰራ ቤት ያፈርሳል። ድህነትና አደጋ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ባዶ ማድቤት፣ የቆሸሸ ልብስ፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ በሁለቱም ቤት ይገኛል። ሁለቱን መለየት የሚችል ዓይን በአንድ ቀን ስልጠና አይገኝም። አዲሱ ተመራቂ ከፍርሃቱ የተነሳ ወይ ሁሉን ያወጣል፣ ወይ ሁሉን ያልፋል። ነባሩ ባለሙያ ግን ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ዛሬ ማታ እዚህ ቤት ቢያድር ደህና ነው? ኪራዩ ቢከፈል ይህ ችግር ይቀራል? ወይስ ድብደባው፣ ሱሱ ይቀጥላል? አያት አለች? ጎረቤት ማን ነው? ከዚያም አዲሱን ባለሙያ ይዞት እየዞረ ያስተምረዋል።

እንግሊዝ ይህን የተረዳችው ዘግይታ ነው። በ2011 ፕሮፌሰር አይሊን ሙንሮ ለመንግስት ባቀረቡት የህጻናት ጥበቃ ግምገማ ባለሙያዎቹ ከቤተሰብ ጋር ከሚያሳልፉት ጊዜ ይልቅ ፎርም መሙላት እንደበላቸው አሳዩ። ልምድ ያካበቱት ወደ ቢሮ ወንበር እየወጡ ሜዳው ለጀማሪ እንዳይቀር፣ በየአካባቢው ከቤተሰቦች ጋር በቀጥታ የሚሰራ አንድ ዋና ባለሙያ እንዲሰየም ጠየቁ።

◆ የእኛው ሀገር ታሪክ

አዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1959 ነው። በአህጉሩ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነበር። ደርግ ሲመጣ ግን ተዘጋ። የሶሻል ወርክ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተጀመረው በ2004 ነው። በዚህ ስራ ከረዱት መካከል በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኝበታል። ኮሌጁ የተሰየመው በማን ስም መሰላችሁ? በ1909ኙ ጉባኤ በተገኘችው በጄን አዳምስ።

ከ1974 እስከ 2004 ያሉትን 30 ዓመታት አስቧቸው። የ1984ቱ ረሃብ፣ ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ኤችአይቪ ኤድስ። ሀገሪቱ ቤተሰብን የሚያቆይ ባለሙያ እጅግ በፈለገችባቸው ዓመታት ሙያው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት አልነበረውም። በዚያ ክፍተት ማሳደጊያዎች በዙ። ከዚያም የውጭ ጉዲፈቻ መጣ።

በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በሁለት አስርት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ወደዚያ የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ደግ ቤት ገብተው ያደጉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከነዚህ ልጆች መካከል እናት ወይም አባት ያላቸው ብዙዎች እንደነበሩ በኋላ ታወቀ። አንዳንድ ወላጆች የፈረሙት ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ፣ ፎቶና ደብዳቤ የሚልክ መስሏቸው ነው። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው፤ በሀገራችን ባህልም የልጁ ትውልድ አይደበቅም፣ ዝምድናውም አይረሳም። በውጭው ህግ ግን ፊርማዋ የእናትነት መብቷን ለዘላለም ይቆርጣል። አንዱ ቃል ለሁለት የተለያየ ነገር ዋለ።

እዚህም ላይ ገንዘቡን ተከተሉ። አንድ ልጅ ከሀገር ለማውጣት ለኤጀንሲና ለጉዞ የሚወጣው ብር ያችን እናት ለዓመታት ያኖራት ነበር። ገንዘቡ ግን የሚንቀሳቀሰው ልጁ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

በ2011 መንግስት የሚያስተናግደውን የጉዲፈቻ ፋይል በቀን እስከ አምስት ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በዚያው ዓመት አንዲት በጉዲፈቻ የሄደች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ በደል ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈረደባቸው። ሐዘኑ ሀገሩን ሁሉ ነካ። በጃንዋሪ 2018 የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ህጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ።

ልክ በወሩ፣ በፌብሩዋሪ 2018፣ አሜሪካ ሌላ ህግ አወጣች። ለአደራ ቤት ብቻ ይውል የነበረው የፌዴራል ገንዘብ ልጁ ከቤቱ ሳይወጣ ለቤተሰቡ ለሚሰጥ የስነ ልቦና፣ የሱስ ህክምናና የወላጅነት ድጋፍም እንዲውል ፈቀደች። ከ1961 ጀምሮ በአንድ በር ብቻ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ቤት የሚወስደውን በር ለማግኘት 57 ዓመት ፈጀበት።

ክልከላው ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። በር መዝጋት እናትየዋን አያበላትም። ከ2005 ጀምሮ በገጠር፣ በኋላም በከተሞች የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መስራት ለማይችሉ ቤተሰቦች ቀጥተኛ ድጋፍ መስጠቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እርዳታው ወደ ቤት ይሄዳልና።

◆ የቲም እናት አለው

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በዲናችን ቋንቋ የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህ የብዙ የቲሞች እናት በህይወት አለች። የቲምን ማገዝ ማለት ብዙ ጊዜ እናቱን ማገዝ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ነበሩ። እናታቸው እስካሉ ከእናታቸው፣ ከዚያ ከአያታቸው፣ ከዚያም ከአጎታቸው ዘንድ አደጉ። ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከስማቸውና ከዘራቸው ሳይለዩ። ጃዕፈር (ረ.ዐ) በሙዕታ ሸሂድ ሲሆኑም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሰራ አዘዙ። ዛሬም ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘን የምንሄደው በዚሁ ፈለግ ነው። ምግቡ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ምግብ ፍለጋ አይሄድም።

ከፋላ የምንለው ልጁ የወላጁን ስምና ዘር ይዞ የሚታገዝበት ስርዓት በ1989 በጸደቀው የተባበሩት መንግስታት የህጻናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 20 ላይ በስሙ ተጠቅሷል። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1991 ተቀብላለች። በዲሴምበር 2009 ደግሞ የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ህጻናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ተቀበለ። በውስጡም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ሰፍሯል። ዋይት ሀውስ ውስጥ ይኸው ቃል ከተነገረ ድፍን መቶ ዓመት ሆኖት ነበር።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ሶደቃችሁን ስትሰጡ፣ በሰፈራችሁ የወጣቶች ጀመዓ መዋጮ ስትሰበስቡ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

ልጆቹ ለምን ከቤት ወጡ? ምክንያቱ ኪራይ ወይም አስቤዛ ከሆነ ኪራዩንና አስቤዛውን መሸፈን ይቀድማል። አንድ ቤተሰብን ለአንድ ዓመት ለመያዝ አሥር ወጣት በቂ ሊሆን ይችላል።

ድጋፉ መቼ ይቆማል? ለረመዳን ብቻ የሚመጣ ዘይትና ዱቄት መልካም ነው፤ እናት የምታቅደው ግን በየወሩ በሚመጣው ነው።

ክብሯ ተጠብቋል? ልጆቿን አሰልፎ ፎቶ ማንሳት ከባቡር ጣቢያው ሰልፍ ብዙ አይርቅም።

ልጁ በቤቱ አደጋ ላይ ነው? ድብደባ ወይም ጥቃት ካለ ገንዘብ መፍትሄ አይሆንም፤ «ቤተሰብ አይፈርስም» ብሎ መሸፈንም በደል ነው። የወረዳችሁን የሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ጽህፈት ቤት አሳውቁ፤ ልጁን ያትርፉት።

በመካከላችሁ የሶሻል ወርክ ተማሪ ካለ ደግሞ አበርቱት። ተመርቆ ሲወጣም ከነባር ባለሙያ ስር ጥቂት ዓመት ቤት ለቤት እንዲዞር ምከሩት። የመስጂዳችሁ ኮሚቴም የየቲሞችን መዝገብ ሲይዝ የልጁን ስም ብቻ አይጻፍ፤ ከጎኑ እናቱ የት እንደምትኖር፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ቅርብ ዘመዱ ማን እንደሆነ ይጻፍ። እርዳታው በሩን የሚያገኘው በዚያ አድራሻ ነው።

ወላሁ አዕለም።